ደመናው ከባቲ ወዲያ የት ይገባል? ስለ አፋር በረሃ ወቅቶች የቀረበ ጥያቄ

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሳላይሽ ነው። ባለቤቴ ሎጊያ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔም በሒሳብ ሠራተኝነት ወደ ሰመራ እንድዛወር በቅርቡ ስለተፈቀደልኝ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዤ መውረዴ አይቀርም። ከመውረዴ በፊት አገሩን በቅጡ ማወቅ ፈልጌ ብጠያይቅ፣ የምጠይቀው ሰው ሁሉ «እዚያማ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ሙቀት ብቻ ነው» ከማለት አያልፍም።

ባለፈው ነሐሴ ለጥየቃ ወርጄ ነበር። ከደሴ ስንነሣ ሐረጎ ላይ ጉሙ መኪናውን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነበር የሚነዳው፤ እኔ ጋቢ ለብሼ፣ ልጄ ሹራብ ደርባ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ሹራቡ ወለቀ፤ ባቲ ላይ ጋቢው ታጥፎ ቦርሳ ገባ። ለባለቤቴ የያዝሁለት ለጋ ቅቤ ከቤት ስንወጣ በማንኪያ የሚቆረጥ ነበር፤ ሚሌ ደርሰን ብከፍተው እንደ ዘይት ይንቧቧል። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ደመናው ነው። ከባቲ ቁልቁል መውረድ እንደ ጀመርን ዘወር ብዬ ባይ፣ ጥቁሩ ደመና ተራራው ላይ እንደ ተጋደመ ቀርቷል፤ ከፊታችን ያለው ሰማይ ግን ነጥቶ አንዲት ጠብታ የለበትም። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ያውም በአንድ ቀን፣ እንዲህ ያለ ልዩነት ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ዝናቡ ወዲያ የማይሻገረው ለምንድን ነው? በረሃ የሚባለው አገርስ ክረምትና በጋ አለው ወይስ የለውም? ካለው፣ ትንሽ ልጅ ይዞ ለመውረድ የትኛው ወር ይሻላል?

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ያየሽውን በደንብ ስላየሽ ለማስረዳት አይከብድም። አስተውለሽ ያለፍሽው ነገር ለብዙ ተማሪዎቼ በሥዕል እየሣልሁ ያስተማርሁት ነው።

በክረምት ወራት ወደ እኛ የሚደርሰው እርጥበት ያዘለ ነፋስ በአመዛኙ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ነው። ይህ ነፋስ የጎጃምን፣ የጎንደርንና የወሎን ደጋ እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ መሸከም ስለሚያቅተው ወደ ደመና፣ ከደመናም ወደ ዝናብ ይለወጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የዚህ ዝናብ ዋና ተካፋይ ናት። ነፋሱ ጦሳንና ከጦሳ ወዲህ ያሉትን ተራሮች ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ መውረድ ሲጀምር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚወርድ አየር ይታመቃል፣ የታመቀ አየር ይሞቃል፣ የሞቀ አየር ደግሞ የቀረችውን ጉም እንኳ መልሶ ይመጣታል። አንቺ ተራራው ላይ ተጋድሞ የቀረ የመሰለሽ ደመና በእውነቱ ቆሞ አይደለም፤ ከወዲህ እየተሠራ ከወዲያ እየሟሟ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሽ በቁጥር ልንገርሽ። ደረቅ አየር አንድ ሺህ ሜትር በወረደ ቁጥር 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። ሎጊያ ከደሴ ሁለት ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፣ እኛ ጋ 18 ዲግሪ የነበረ አየር እርጥበቱን ጥሎ እዚያ ሲደርስ 38 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አየሩ ሽቅብ ሲወጣ ግን በዚያው ልክ አይቀዘቅዝም፤ ውሃው ወደ ደመና ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ፣ እርጥብ አየር በሺህ ሜትር የሚቀዘቅዘው ስድስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ተራራውን ወጥቶ ሲወርድ ሲነሣ ከነበረበት የበለጠ ሞቆና ደርቆ ይገኛል። ደሴና ኮምቦልቻ በዓመት አንድ ሺህ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ ሲያገኙ፣ ዱብቲና አሳይታ አካባቢ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚያገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች የሚዘንብበትን አገር በረሃ ማለት የተለመደ ነው።

«በበልግስ?» ትይኝ ይሆናል። በበልግ ነፋሱ ከሕንድ ውቅያኖስ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለሚመጣ በዚያን ጊዜ ተራራው ለአፋር ከለላ አይሆንበትም። ይሁንና አየር እንዲዘንብ ከፍ ከፍ ማለት አለበት፤ የአፋር ሜዳ ደግሞ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ነውና ነፋሱ አብዛኛውን ውሃ እንደያዘ በላዩ አልፎ የእኛን ግርጌ መውጣት ሲጀምር ያራግፈዋል። በረሃው በክረምት ከተራራው ጀርባ በመሆኑ፣ በበልግ ደግሞ ራሱ ተራራ ባለመሆኑ ይጎዳል ማለት ነው።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች «ክረምት» ስንል ዝናቡንና ብርዱን አንድ አድርገን ነው የምናስበው። በእኛ ኬክሮስ ግን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ትክክል ታልፋለች፤ አንዱ በሚያዝያ የመጀመሪያው አጋማሽ፣ ሌላው በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ነው። በነሐሴ ደሴ ላይ ብርድ የሚሆነው ፀሐይ ስለራቀች አይደለም፤ ደመናው ስለጋረዳት ነው። አፋር ላይ የሚጋርዳት ደመና ጥቂት ስለሆነ ያችው ፀሐይ እንዳለች ትወርዳለች። ስለዚህ የእኛ ብርዳሙ ወር ለእነርሱ ከሞቃቶቹ ወራት አንዱ ነው። ልጅሽን ይዘሽ በነሐሴ መውረድሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጥሩ ምርጫ አልነበረም።

ባለተሳቢ (ኮምቦልቻ)

መምህር በደንብ አስረድተዋል፤ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ በጅቡቲ መስመር ጭነት ሳመላልስ 14 ዓመት ስለሞላኝ በመንገድ ላይ የማየውን ልናገር።

እህቴ፣ «ዓመቱን ሙሉ ያው ነው» የሚልሽን ሰው አትመኚው፤ በታኅሣሥ ያልወረደ ሰው ይሆናል። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ከሚሌ ወዲያ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም የሚቻል ነው፤ ሌሊቱማ ደስ ይላል። ከሚያዝያ በኋላ ግን ነገሩ እየከረረ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ በቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ እኛም በዚያን ጊዜ ሚሌ ውለን ማታ መንዳት እንመርጣለን። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት በብርድ የተሞላ ጎማ ሎጊያ መዳረሻ ላይ በአስፋልቱ ግለት ተወጥሮ እጅ አያስነካም። አንድ ቀልጣፋ ጎሚስታ «በግንቦት የሚበላኝ እንጀራ ከእናንተ ጎማ ነው» ብሎኝ ስቀናል። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚነሣ ነፋስ አለ፤ አቧራው ከፊት ያለውን መኪና ስለሚሰውር ዳር ይዞ ከማቆም በቀር ምርጫ የለም።

ዝናብ የለም ስለሚባለው ነገር ግን ልጠንቀቅሽ። ከስድስት ዓመት በፊት በሐምሌ፣ ከባቲ ወርደን አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ደረስን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በወንዙ ሆድ ውስጥ ትልቅ ግራር ስላለ፣ ጥላ ፈልጌ መኪናውን አሸዋው ላይ አወረድሁ፤ ረዳቴም ተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ተኛ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ማንንም አልከስስም። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ከላይ በኩል ድንጋይ እንደሚያንከባልል ያለ ድምፅ ሰማሁ። ረዳቴን ጎትቼ ካወጣሁት በኋላ ውሃው ሲመጣ አየሁት፤ ቀይ ነው፣ ከፊቱ ቅርንጫፍና የደረቀ ፍግ እየገፋ የሚመጣ ነው፤ ከጉልበት ወደ ጎማው እኩሌታ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ሲጋራ ለኩሶ እስከ መጨረስ አይሞላም። ሞተር ውስጥ ሳይገባ ቆመ፤ ተሳቢው ግን አሸዋ ውስጥ እስከ ሰንሰለቱ ተቀብሮ ሁለት ቀን ሲቆፈር ዋለ። በኋላ ብንጠይቅ ዝናቡ ማታውን ደጋው ላይ ዘንቦ ያደረ ነው። እኛ ጋ አንድ ጠብታ አልወረደም።

የሰኞ ገበያ (ባቲ)

ሁላችሁም ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ነው የምታዩት፤ እኔ እናቴ አፋር ስለሆነች ከታች ሆኜ ሽቅብ ልያችሁ። ባቲ ላይ ከብት እነግዳለሁ፤ የሰኞ ገበያችን ከደጋውም ከቆላውም ሰው የሚገናኝበት ስለሆነ የሁለቱንም ወገን ወሬ እሰማለሁ።

እህቴ፣ በረሃ ክረምትና በጋ አለው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አፋር ዓመቱን የሚከፍለው ከእኛ በላይ አጥርቶ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ዋናው ዝናብ ከርማ ይባላል። ከእርሱ በኋላ ዝናብ የሌለበት፣ ቅዝቃዜ ያለበት ጊላል ይመጣል። በጊላል መካከል፣ በታኅሣሥ አካባቢ፣ አንዳንዴ ለጥቂት ቀናት የሚዘንብ ደዳ የሚባል ዝናብ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጠበቀው አጭሩ ዝናብ ሱጉም ነው። ግንቦትና ሰኔን የያዘው፣ ባለተሳቢው ወንድማችን ጎማ ያስፈነዳል ያለው ጊዜ ደግሞ ሐጋይ ይባላል።

እነዚህ ስሞች በወር የተቆጠሩ አይደሉም። ሱጉም «ገባ» የሚባለው መጋቢት ስለጠባ አይደለም፤ ዘንቦ ሣር ሲበቅል ነው። የከርማው ዝናብ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ሐጋይ ያን ያህል ረዘመ ይባላል፤ ጭራሽ ቢቀር ሰው ከሐጋይ ወደ ሐጋይ ተሻገርን ይላል። የት ዘነበ የሚለውን የሚነግረው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የዝናቡን፣ የሣሩን፣ የከብቱን፣ የሰላሙን ወሬ አንድ በአንድ ሳይለዋወጡ አይላቀቁም፤ የሰሙትንም እንደ ሰሙት የማስተላለፍ ግዴታ አለባቸው። አንድ ሰው «እዚያ ማዶ ዘንቧል» ካለ፣ በማግስቱ የሰሌን ጎጆው ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል። በረሃ ላይ ዝናብ በአንድ ቦታ ወርዶ አምስት ኪሎ ሜትር ወዲያ የሚነጥፍ ስለሆነ፣ ወቅቱን ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ያልቅበታል፤ ተከትሎት የሚሄድ ነው የሚያገኘው።

ሣሩ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ ወደ እናንተ ይወጣሉ። ከኮምቦልቻ ወርዶ በቦርከና ዳር ያለው የጨፋ ረግረግ በደረቅ ጊዜ የብዙ አፋር ከብት መጠጊያ መሆኑን የከሚሴ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚያም ቢሆን ረግረጉ እየታረሰ ሲሄድ ግጦሹ ይጠባል፤ በዚህ የተነሣ ገበሬውና አርብቶ አደሩ የሚጣሉበት ጊዜ አለ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ የተባለው የውቅያኖስ ሙቀት መዛባት ሲመጣ ከርማ ከዳን። ያን ጊዜ ባቲ ገበያ ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጥንቱ የወጣ ከብት ነበር፤ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ አልነበረም። በዚያ ድርቅ በአገሪቱ የምግብ እርዳታ የፈለገው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር።

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቼ አምስት ወቅት ይዤ ልሄድ ነው። መምህር፣ ሁለት ነገር ግን አልገባኝም። አንደኛ፣ በቴሌቪዥን ሳይ የሰሃራ ሰው ማታ ማታ ወፍራም ልብስ ይለብሳል፤ ባለቤቴ ግን በሰኔ አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ደጅ እያደሩ እንኳ አንሶላው በላብ እንደሚርስ ነው የሚነግረኝ። ሁለቱም በረሃ ከሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ በታኅሣሥ ይዘንባል የተባለው ደዳ እንዴት ሊዘንብ ይችላል? በታኅሣሥ እኮ ደሴ ላይ ውርጭ እንጂ ዝናብ የለም።

የቧንቧ ውሃው ልጅ (ደሴ)

ጣልቃ ልግባና፣ ነገሩን አወሳሰባችሁት። በረሃ የሆነው ዛፉ ስለተጨፈጨፈ ነው። የድሮ ሰዎች አገሩ ሁሉ ጫካ ነበር ይላሉ። ዛፍ ቢተከልበት ዝናቡ ይመለሳል፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር (ደሴ)

በሌሊቱ ልጀምር። በረሃ ማታ የሚቀዘቅዘው አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሆነ ነው፤ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ማታ ወደ ላይ ስትለቅ የሚያግዳት ደመናና እርጥበት የለም። የሰሃራ ሰፊ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ያለ፣ ከባሕርም የራቀ ነው፤ በዚያ ላይ ከሐሩሩ ክልል ወጣ ስለሚል በክረምታቸው፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥና ጥር፣ ፀሐይ ትርቅባቸዋለች፤ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ቢጠጋ አይደንቅም። የሞንጎሊያው ጎቢ እንዲያውም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በረሃ ማለት ውሃ ያጠረው አገር ማለት እንጂ የሚሞቅ አገር ማለት አይደለም፤ ይህን ቃል ተማሪዎቼን ለማስለቀቅ ያህል የደከምሁበት ነገር የለም።

አፋር ግን ዝቅ ያለ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ዳሎል ሲኬድ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ቀይ ባሕርም ቅርብ ነውና አየሩ እርጥበት ያዘለ ወበቅ ነው፤ ያ እርጥበት የምድሩን ሙቀት ማታም እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያስቀረዋል። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል። በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው መሠረት የቀንና የሌሊት፣ የሞቃቱና የቀዝቃዛው ወር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ይህን የሚያህል የዓመት አማካይ ሌላ ቦታ አልተመዘገበም። ልብ በዪ፤ በአንዲት ቀን ከዚያ የበለጠ የሚሞቅ አገር ሞልቷል፤ ዳሎልን ከሁሉ የለየው ሌሊቱም ክረምቱም አለማሳረፉ ነው። ሰመራና ሎጊያ እንደዚያ አይደሉም፤ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ስለሆኑ በጊላል ጥሩ እረፍት ያገኛሉ።

ደዳን በተመለከተ፣ በታኅሣሥ ወደ እኛ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከዓረብ ምድር የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው፤ ለዚህም ነው ደሴ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊት ውርጭ የሚጥለው። በቀይ ባሕር ላይ ያለፈው ነፋስ ግን ጥቂት ውሃ ይቀዳል፤ ያንንም በባሕሩ ዳርና በቆላው ላይ ይረጨዋል። የምጽዋ ዝናብ በአብዛኛው በእነዚህ በጋ በምንላቸው ወራት መሆኑ፣ የኤርትራ ምሥራቃዊ ቁልቁለትም በዚሁ ጊዜ አረንጓዴ መልበሱ ከዚህ የተነሣ ነው። ደዳ የዚያ ዝናብ ጭራ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሶኖራ የሚባለውም በረሃ እንዲሁ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋውም በክረምቱም የሚዘንብበት በመሆኑ ከብዙ በረሃዎች ይልቅ ዕፀዋት የበዛበት ሆኗል።

በዚህ አጋጣሚ የሰኞ ገበያ የጠራቸው ስሞች አንድ ነገር አስታወሱኝ። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ወቅት በግዕዝ ሐጋይ ይባላል፤ ትርጉሙም በጋ ነው። አፋር ደግሞ ሐጋይ የሚለው ግንቦትና ሰኔን ነው። ድምፁ አንድ፣ ወሩ የተለያየ፤ ለሁለቱም ግን ደረቁ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧ ውሃው ልጅ። ጫካ መመንጠር አፈር እንዲሸረሸር፣ ምንጭ እንዲነጥፍ፣ ጎርፍ እንዲበረታ ያደርጋል፤ በዚህ አልከራከርህም፤ የወሎ ተራራ ምስክር ነው። የአፋርን በረሃ የሠራው ግን መጥረቢያ አይደለም፤ የተራራው አቀማመጥ፣ የምድሩ ዝቅታና የነፋሱ አቅጣጫ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ችግኝ አይለውጣቸውም። የድሮ ሰዎች ያልኸው ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አንተ ከምታስበው በላይ ድሮ ነው። ምድር በምሕዋርዋ ላይ እንደ እንዝርት ቀስ ብላ ስለምትወዛወዝ፣ ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የበጋ ፀሐይ፣ ማለትም የእኛ የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ፣ ከዛሬው የበረታችበት ዘመን ነበር። የምድሩ ሙቀት በበረታ ቁጥር ዝናብ ያዘለው ነፋስ ወደ ሰሜን ርቆ ይገባል። በዚያ ዘመን ሰሃራ ሣርና ሐይቅ ነበረው፤ በአልጄሪያ በታሲሊ ናጀር ዋሻዎች ግድግዳ ላይ የከብት መንጋ ተሥሎ የሚታየው ዛሬ ከብት ሊውልበት በማይችል አገር ነው። አዋሽ የሚያልቅበት የአቤ ሐይቅም ያን ጊዜ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ባለተሳቢው የነገረንን ጎርፍም ልብ እንበል። ሚሌ ወንዝ የሚነሣው ከሐይቅና ከሱሉላ አካባቢ ካለው ደጋ ነው፤ ቦርከና የእኛው የደሴና የኮምቦልቻ ውሃ ነው፤ ሁለቱም መጨረሻቸው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ እዚያው በረሃው ውስጥ ገብቶ በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ከዚያም ወደ ሰማይ ይተናል። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ዱብቲንና አሳይታን ጨምሮ ብዙ የአፋር ቀበሌ በአዋሽ ሙላት የተጥለቀለቀው በላዩ ከዘነበው ዝናብ ይልቅ ደጋው ላይ በዘነበው ነበር። ደሴ ላይ ጃንጥላ ይዘን የምናማርረው ዝናብ ቆይቶ የእነርሱ ወቅት ይሆናል።

የሰኞ ገበያ (ባቲ)

መምህር ዕድሜ ይስጥዎት። ስለ ዛፍ መትከል ግን እኔም አንድ ቃል አለኝ። በአዋሽ ዳር ፕሮሶፒስ የሚሉትን፣ እኛ አካባቢ ወያኔ ዛፍ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ በረሃን ያስታግሣል ብለው ነበር ያመጡት። እርሱ ሐጋይም ከርማም አያውቅም፤ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ዓመቱን ሙሉ ይለመልማል። ከሩቅ የሚያይ ሰው አገሩ ለማ ይላል። ከዛፉ በታች ገብቶ ቢያይ ሣር የለም፤ ፍሬውን ብቻ አብዝታ የበላች ላም ጥርስዋና ሆድዋ ይታመማል፤ እሾሁም የግመል እግር ይወጋል። አረንጓዴ ነገር ሁሉ ግጦሽ አይደለም።

እህቴ፣ መቼ ልውረድ ላሉት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ይውረዱ። ልጅትዋ ሰውነትዋ ከጊላል ጋር ለምዶ ሱጉምን ትሻገራለች፤ ሐጋይ ሲመጣ አዲስ አይሆንባትም። በግንቦት የሚወርድ ሰው ነው የሚጎዳው። ቤት ስትከራዩ ቆርቆሮው ዝቅ ያለውን አትያዙ፤ ግቢውን አስቀድማችሁ እዩ፤ አልጋ ወጥቶ የሚታደርበት ቦታ ከሌለው ሳሎኑ ቢያምር ዋጋ የለውም።

ባለተሳቢ (ኮምቦልቻ)

እኔም በኅዳር እስማማለሁ። ዕቃሽን የሚያወርድልሽ መኪና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከኮምቦልቻ ቢነሣ ፀሐይ ሳትበረታ ሚሌን ያልፋል። ለልጅትዋ ውሃ ከጥማትዋ በፊት ስጫት፤ ልጅ ጠማኝ እስኪል ከጠበቅሽ ዘግይተሻል። ሽንትዋ ቢጠቁር ውሃ አንሷታል ማለት ነው።

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ ከኅዳር 20 በኋላ ሥራ እንደምጀምር ዛሬ ጽፌላቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ብትስቁብኝም እጠይቃለሁ፤ እናቴ ጋቢውን ይዘሽ ካልወረድሽ አለቅሽም ብላለች፤ ልያዘው ወይስ ልተወው?

የሰኞ ገበያ (ባቲ)

ጋቢው ለእናትዎ ይቅር፤ ለታኅሣሥ ሌሊት ነጠላ ይበቃዎታል። ቅቤውን ግን በደንብ አንጥረው፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርገው ይያዙት፤ እዚያ ማንኪያ አያስፈልገውም፤ ይቀዳል።